የአዞ ጀርባ የመሰለው ጋቢ

ባለፈው ክረምት ከሽመና ጉድጓድ ወጣሁ። ማኅበራችን ሽኝት አደረገልኝ። አዲሱ ሊቀመንበር፣ መወርወሪያ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ የማያውቅ ጎረምሳ፣ «ጋሽ ኦይቻ ታጋሽ፣ ትሑትና ሰው ወዳድ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስለገፋ ዕረፍት ይገባቸዋል» ብሎ ከወረቀት ላይ አነበበ። ታጋሽ ሆኜ አላውቅም። ሰው ወዳድነቴንም አብረውኝ የሠሩት ይመስክሩ፤ ጨርቅ ባበላሹ ቁጥር ስድቤን ጠጥተዋል። የወጣሁትም ዕድሜዬ ስለገፋ አይደለም። ዳቦው ተቆርሶ ሲታደል፣ ሌላ ሰው ከሚዋሽልኝ እውነቱን ራሴ እጽፈዋለሁ አልኩ።

ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ ነው፤ በደርግ ዘመን፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ቀበሌ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር። አስተማሪያችን ልጄ የምትሆን ተማሪ ነበረች። ስሳሳት በአርጩሜ ጣቴን ትነካኝ ነበር፤ እኔም ተናድጄ እየማልኩ እማር ነበር። ደርግ ብዙ ነገር ወስዶብኛል። ይህን ግን ሰጥቶኛል፤ አልክድም። እስክሪብቶ ስይዝ ዛሬም እንደ መወርወሪያ ነው የምይዘው፤ ጽሑፌ ቢወላገድ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የተወለድኩት ኦቾሎ ነው፤ አባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚያይ ገደል አፋፍ ላይ። ሽመናን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን አባባ ሳዶ ናቸው። እኚህ ሰው ሲያስተምሩ አፋቸውን አይከፍቱም። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጬ እግሬን ከመርገጫው ጋር ሳደናግር፣ እሳቸው ከላይ ቆመው አሻግረው ሐይቁን ያያሉ። ስሳሳት ያስሉ ነበር። ገና ለገና ያስሉብኛል ብዬ ነው ሙያ የለመድኩት።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሴት ልቃቂት ይዛ ስትመጣ፣ ያ በእንዝርት ተፈትሎ የተጠቀለለ ክር ማለት ነው፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት «የማን እጅ ነው?» ነው። የፈተለችውን ሴት ስም ሳይሰሙ ክሩን አይነኩትም። ከሰሙ በኋላ አንድ ክንድ ያህል ይስቡና ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ሌላውን ጫፍ በእጃቸው ወጥረው፣ በአውራ ጣታቸው እንደ ክራር ይመቱታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«ይህቺ ስትፈትል ትቸኩላለች፤ ማግ ይሁን» ይላሉ። ወይም፣ «የዚህች እጅ ረጋ ያለ ነው፤ ድር ይሁን»።

ለማያውቅ ልንገር። ድር ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ የሚቆመው ክር ነው፤ ማግ በመወርወሪያ እየሄደ እየመጣ ድሩን የሚሞላው ነው። ማግ ቢበላሽ ታልፈዋለህ። ድር ከተበላሸ ግን ጨርቁ የለም። አባባ ሳዶ አንድ ድር ውስጥ የሁለት ሴት እጅ አያስገቡም ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው አሳሉ። እኔም ተውኩት።

ጉልምስና ላይ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ። ደርግ ሸማኔውን በማኅበር ሲያደራጅ ተደራጀሁ፤ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ጉድጓድ በጉድጓድ አጠገብ ተቆፍሮልን፣ ግድግዳው ላይ መፈክር ተሰቅሎልን። ደመወዙ አልበዛም፤ ስብሰባው ግን በዝቶ ነበር። ሊቀመንበራችን ጓድ ተፈራ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁ ከሰውነቱ ይበልጥ ነበር።

እኔና ሚስቴ አማረች አንድ ልጅ ነበረን፤ ታደለ። መሮጥ በጀመረ ሰሞን፣ ሲመሽ ኩራዝ ስናበራ፣ ግራ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ድመት ዓይን ነጣ ብሎ ያበራ ጀመር። አማረች፣ «የልጄ ዓይን የራሱ ኩራዝ አለው» ትል ነበር። እኔም ስቄአለሁ። ቆንጆ መስሎን ነበር።

ቆይቶ ዓይኑ ሲሸወርርና ሲቀላ ኦቾሎ ወጣን። እዚያ የሚጠየቀው አንድ ነው። ጎሜ እንላለን፤ ሰው ያልተገባ ነገር ሲያደርግ በቤቱ ላይ የሚመጣ ጣጣ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ምን ጥሰህ ነው አሉኝ፤ አባባ ሳዶም ከመካከላቸው ተቀምጠው ጠየቁኝ። ያደረግኩትን ተናዘዝኩ። አልበቃ ሲል ያላደረግኩትንም ጨመርኩ። በግ ታረደ። በጋው አለቀ። የልጄ ዓይን ከቦታው ተገፍቶ ሲወጣ ነው አዲስ አበባ ይዤው የሄድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነበር። «የዓይን ነቀርሳ ነው፤ አሁን ወደ ጭንቅላቱ ሄዷል» አለኝ። «ገና ማብራት ሲጀምር አምጥተኸው ቢሆን ዓይኑን አውጥተን ልጁን እንሰጥህ ነበር። አሁን ቤት ወስዳችሁ አስታምሙት።»

አስታመምነው። ቀበርነው። ከዚያ በኋላ አባባ ሳዶን አላነጋገርኳቸውም። ልጄን በግና በኑዛዜ አዘግይተው ገደሉብኝ ብዬ አመንኩ። ኦቾሎ መውጣትም ተውኩ።

ኀዘን ሥራ አያስፈታም። ጉድጓዴ ገብቼ እሸምን ነበር። ግን ዓይኔ አላርፍ አለ። መንገድ ላይ ሕፃን ሳይ ጎንበስ ብዬ ዓይኑን አያለሁ። በኋላ ባትሪ ገዛሁ። የጤና ጣቢያዋን ነርስ ሲስተር ዘነበችን አስፈቅጄ፣ ክትባት በሚሰጥበት ቀን በር ላይ እቆማለሁ። እሷ የተማረች ሴት ናት፤ ነገሩን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ዓይኑ ነጣ ያለ ልጅ ካገኘሁ ወደ እሷ እንድልክ ነገረችኝ።

ምን ያደርጋል! ከተማው ሌላ ወሬ ያዘ። ሸማኔ ቡዳ ነው የሚል ሰው በዚያ ዘመን ሞልቷል። ሸማኔ ደግሞ ባትሪ ይዞ የሕፃን ዓይን ላይ ሲያፈጥ አስቡት! እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑብኝ ጀመር። አንዷማ፣ «የራስህን ልጅ በልተህ የእኛን ልትጨምር ነው?» ብላ በሰው ፊት ተፋችብኝ። የመለስኩላትን እዚህ አልጽፈውም።

ያልሸፈነችው አንዲት ሴት ናት፤ የጫኖ መንደሯ ወርቅነሽ። ማንጎ ልትሸጥ ወደ ከተማ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ልጇን አቅፋ አዳራሻችን ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ዓይን የሚያዩት እርስዎ ኖት?»

«ቡዳው እኔ ነኝ» አልኳት።

«ይሁና! የእኔዋንም ይዩልኝ። ሲመሽ ዓይኗ ያበራል።»

ባትሪውን አበራሁ። ልጅቷ ብርቱካን ትባላለች፤ ገና በወጉ አትናገርም። የቀኝ ዓይኗ ውስጥ የታደለ ኩራዝ በርቶ ነበር።

ሲስተር ዘነበች አይታ ከንፈሯን ነከሰች። «ክረምት ሳይገባ አዲስ አበባ መድረስ አለባት» አለች። «ግን በምን?»

በምን ያለችው፣ በዚያው ሰሞን በሐይቁ ዳር መንደሮች የማስታወክና የማስቀመጥ ወረርሽኝ ገብቶ ስለነበር ነው። መሥሪያ ቤቶች ስሙን አይጠሩትም፤ ኮሌራ መሆኑን ግን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያውቁ ነበር። ገበያ ተዘጋ። ሠርግ ቀረ፤ ለቅሶ እንኳ ቆመው አይተው የሚሄዱበት ሆነ። አውቶቡስ ቆመ። ወደ ደጋ እንዳይወጣ ተብሎ ከኦቾሎ አቀበት ሥር ገመድ ተወጠረ፤ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ይዞ ይቆማል። ከላይ ወደ ታች ዕቃ ይወርዳል፣ ከታች ወደ ላይ ግን ምንም አይወጣም። ለበሽተኛ የመውጫ ፈቃድ ሲስተር ትጽፋለች፤ መኪናውን ግን ራስህ ተከራይ ነው። ከዚያ ደግሞ እናትና ልጅ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ ማን ያውቃል!

መጀመሪያ የልጅቷን አባት ማሳመን ነበረብኝ። ቶማስ ይባላል። ማንጎው ገዢ አጥቶ ዛፍ ሥር ይበሰብሳል፤ እሱ መሐሉ ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል። ወደ ግቢው እንዳልገባ ምልክት ሰጠኝ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነገርኩት።

«ዓይኗን አውጥተው አንድ ዓይና ሴት ልጅ ሊመልሱልኝ?» አለኝ። «ማን ያገባታል?»

«እኔ ሁለት ዓይን ያለው ልጅ ቀብሬአለሁ» አልኩት።

ተነሥቶ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ወርቅነሽ ከጓሮ ወጥታ፣ «እንዲህ ይባላል ሰው?» አለችኝ። ሌላ አባባል አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም።

ገንዘብ ከሰው መጠየቅ አልተቻለም። በዚያ ዘመን ለእናት አገር፣ ለድርቅ፣ ለበዓል፣ ለምኑም ለምኑም መዋጮ ነበር፤ «መዋጮ» የሚል ሰው ከሩቅ ሲታይ በር ይዘጋል። ተሰብስበው እንዳይሰሙኝ ደግሞ ስብሰባ ክልክል ነው። ቁጭ ብዬ ሳስብ፣ ሴቶቹ ሁሉ ቤታቸው ተዘግተው ምን ያደርጋሉ አልኩ። ይፈትላሉ! በየቤቱ ጥጥ አለ፣ እንዝርት አለ። ከየቤቱ አንድ አንድ ልቃቂት ቢሰጡኝ፣ እኛ በነፃ እንሸምነዋለን፤ ጋቢው ተሸጦ መኪና ይከራያል።

ረዥም ሸምበቆ ጫፍ ላይ ቅርጫት አሠርኩ። በየአጥሩ ቆሜ ቅርጫቱን አሻግራለሁ።

«መዋጮ ነው?» ይላሉ።

«ፈትል ነው። ለአንዲት የታመመች ልጅ።»

«ቡዳው አይደለህም እንዴ? የትኛዋን ልትበላ ነው?»

«ስትወፍር እበላታለሁ። መጀመሪያ ትዳን።»

ይስቃሉ። ከሣቁ በኋላ ይሰጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰው የሆኑ አንዲት እናት ልቃቂታቸውን ቅርጫቱ ውስጥ ሊጥሉ ሲሉ አዩና፣ «ይህ ከሥር ያለው የጴንጤዋ ጎረቤቴ ነው?» አሉኝ። አዎ ስላቸው፣ «እንግዲያማ በእሷ አልበለጥም» ብለው ገብተው ሁለተኛ ጨመሩ። ጴንጤዋ ይህን ሰምታ ሦስተኛ ላከች። እንዲህ ያለ ጠብ በየቤቱ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

ወሬው በገመዱ አልቆመም። የኦቾሎ ሴቶች ሰምተው ልቃቂት በከረጢት እየሞሉ ከአቀበቱ ማውረድ ጀመሩ። ሲስተር ዘነበች ደግሞ፣ «በሽታው ያለው ታች ነው፤ ከታች የተሰበሰበው ፈትል ሁሉ ይቀቀል» ብላ አዘዘች። አማረች በርሜል ጥዳ ቀቀለችው። ከኦቾሎ የወረደው ንጹሕ ስለሆነ እንዳለ ቀረ።

ጓድ ተፈራ ሰማና ጠራኝ።

«ጓድ ኦይቻ፣ ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለህ?»

«ፈትል ነው እንጂ መዋጮ አይደለም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«መዋጮ ሲሰጡ አይስቁም።»

ጓድ ተፈራ ልጄን ስቀብር አብሮኝ ቆሞ ነበር። ፈቃዱን ሰጠን፤ ግን ያለ ንግግር አልሰጠንም። በሁለት ጎራ የተቀመጠውን ክር አየና ድምፁን አወጣ። «ይሄ ምን መለያየት ነው? የኦቾሎ ፈትል፣ የጫኖ ፈትል፣ የጴንጤ ፈትል፣ የኦርቶዶክስ ፈትል የሚባል የለም! የሕዝብ ፈትል ነው! ይቀላቀል!»

ተቀላቀለ። የአባባ ሳዶ ጥያቄ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ «የማን እጅ ነው?» የሚለው። ግን ክረምቱ እየመጣ ነው፤ የልጅቷ ዓይን ደግሞ ቀልቷል። የእያንዳንዷን ሴት እጅ እየለየሁ ድር ባደራ መቼ ልጨርስ? ደግሞም ለሰውዬው ኩርፊያዬ አልበረደም ነበር። እጄ የገባውን ልቃቂት እያነሣሁ አደራሁት።

ማኅበርተኛው ሁሉ በየጉድጓዱ ገብቶ ሸመነ። ያን ያህል ሥራ በአንድ ሐሳብ ሲሠራ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ መፈክሩ ለዓመታት ያላመጣውን አንዲት ሕፃን አመጣችው። ጋቢዎቹ ከጉድጓድ ሲወጡ ለስላሳ፣ ነጭ፣ ዓይን የሚሞሉ ነበሩ። ገዢም ተገኝቶ ነበር፤ አንድ የመንግሥት ሱቅ ሁሉንም ሊረከብ። ሲስተር ጋቢዎቹ ከከተማ ከመውጣታቸው በፊት ይታጠቡ አለች። በፈላ ውኃና በእንዶድ አጠብናቸው፤ ሣር ላይ አሰጣናቸው።

ሲደርቁ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ? እያንዳንዱ ጋቢ በቁመቱ ተሸብሽቧል። አንዱ መስመር ተሰብስቦ ገብቷል፣ አጠገቡ ያለው አብጦ ወጥቷል። ጎድጓዳ፣ ጉብታ፣ ጎድጓዳ፣ ጉብታ። አንድ የዳነ የለም። የሱቁ ሰው መጥቶ አንዱን በሁለት ጣቱ አነሣና፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። ጓድ ተፈራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው አጣ። እኔ ጉድጓዴ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ታደለን ሁለተኛ የቀበርኩ መሰለኝ። ወርቅነሽ በር ላይ ልጇን አዝላ ቆማ ነበር።

በማግስቱ ከጋቢዎቹ አንዱን ጠቅልዬ ወደ ገመዱ ሄድኩ። ጠባቂውን አባባ ሳዶን አስጠራልኝ አልኩት። ከብዙ ጊዜ ኩርፊያ በኋላ መሆኑ ነው። አቀበቱን በምርኩዝ ወረዱ፤ አርጅተው ነበር። ጋቢውን ላቀብላቸው ስጠጋ አብዮት ጥበቃው፣ «ከገመዱ ወዲያ አንድ ክር አይሻገርም!» አለ።

በጣትና በጆሮ የሚፈርድ ሰው ፊት ጨርቁን ዘርግቼ ቆምኩ። መንካት አይችሉም። ራቅ ብለው አዩት፤ ቆይተው አዩት።

«የማን እጅ ነው?» አሉ።

«አላውቅም፤ አባባ። ቀላቅዬው ነው።»

አሳሉ። ሳላቸውን ስሰማ እንባዬ መጣ፤ በንዴት ነው።

«የእኛ ሴቶች የላኩት ተቀቅሏል?»

«አልተቀቀለም። የታች ነው የተቀቀለው።»

«ታዲያ ጨርቁ ነገረህ እኮ። የተቀቀለው ክር ቀድሞ ሸሽቷል፣ ተኮማትሮ አጥሯል፤ ያልተቀቀለው አሁን በውኃ ሲገባ ሸሸ። እኩል ያልሸሹ ክሮች በአንድ ድር ቆመው ምን ያድርጉ?»

«መልሼ ልተርትረው?»

«አይተረተርም። እንዲህ ሆኖ ይኖራል። እንዲህ ሆኖ የሚፈልገው ሰው ፈልግ።»

እንዲህ ያለ ምክር አናደደኝ። ማን ነው የሚፈልገው? ጋቢዎቹን በአህያ ጭኜ ወደ አባያ ዳር ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ለጀልባቸው ስንጥቅ መድፈኛ አሮጌ ጨርቅ እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። እንደ ጨርቅ ይውሰዷቸውና አንድ ነገር ይስጡኝ ብዬ ነው። የአጥማጆቹ አለቃ ማቴዎስ ነው፤ ጸሎተኛ፣ ደግሞ ቀልደኛ። ከውኃ ሲወጣ አገኘሁት፤ እየተንዘፈዘፈ ነበር። አንዱን ጋቢ ከአህያዋ ላይ ጎትቶ አነሣ።

«ኦይቻ! ይህን የአዞ ጀርባ ማን ሸመነው?»

ጓደኞቹ በሣቅ ወደቁ። ሊያስቃቸው ብሎ እርጥብ ገላው ላይ ጣለው፤ በሆዱ እየተሳበ አዞ ሆነላቸው። እኔ መዶሻ ባገኝ እመታው ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ። ሣቁን ተወ። ትከሻውን አወዛወዘ።

«አይጣበቅም» አለ።

«ምን?»

«ጋቢ ሲረጥብ ገላ ላይ ይለጠፋል፤ ከባዶ ገላ ይብሳል። ይሄ ግን በጉብታው ነው የሚቆመው። እዩ! በመሐሉ ይሞቃል።» አንዱ ወሰደ፤ ሌላው ወሰደ። በደቂቃ ውስጥ አህያዬ ባዶዋን ቀረች። የሐይቁ ዳር ሙሉ አዞ ሆነ።

«ገንዘብ የለንም» አለ ማቴዎስ። «ገበያ ተዘግቷል። ምን እንስጥህ?»

በዚያ ሰዓት ከኋላው የቆመችውን መኪና አየኋት። ዓሣና በረዶ ጭና አዲስ አበባ የምትሄድ መኪና። ዓሣ ይበሰብሳል ተብሎ፣ መንገድ ሁሉ ሲዘጋ እሷ ፈቃድ ነበራት። የጋቢ ገዢ ስፈልግ በየቀኑ አጠገቤ ስታልፍ አላየኋትም ነበር።

«ከሾፌሩ ጎን አንዲት እናትና አንዲት ሕፃን» አልኩት።

ማቴዎስ ሾፌሩን ጠራው። ሾፌሩ መኪናዬ ሰው አትጭንም አለ። ማቴዎስ፣ «እንግዲያው ዓሣም አትጭንም» አለው። አለቀ።

ሲስተር ዘነበች ወረቀቱን ጻፈች፤ ጓድ ተፈራም ማኅተሙን መታ፤ ያለ ንግግር። ማደሪያውን አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ያሉ የኦቾሎ ሸማኔዎች ቻሉት። ከቀሩን ሁለት የአዞ ጀርባዎች አንዱ ለብርቱካን መጠቅለያ ሆነ። መኪናዋ ልትነሣ ስትል ቶማስ መጣ፤ በሩን የዘጋብኝ አባት። ልጅቷን ትከሻው ላይ አድርጎ ከጫኖ በእግሩ ነው የመጣው። ወርቅነሽ ልጅቷን ቤት ትታ ለጉዞው ቀድማ ከተማ አድራ ስለነበር፣ አባቷ ከልክሎ ያስቀራታል ብለን ፈርተን ነበር። ልጁን ለሚስቱ አቀበለና በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንድም ትሁን። ብቻ ትመለስ» አለኝ።

ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ። ወሬ የለም። ወረርሽኙ ቀስ በቀስ ቀለለ፤ ገመዱም ተፈታ። በተፈታ ማግስት አባባ ሳዶ አዳራሻችን መጡ። መጀመሪያ ያደረጉት፣ ከቀረው የአዞ ጀርባ ጫፍ ላይ ሁለት ክር መዝዘው በየተራ በጥርሳቸው ነክሰው መምታት ነው። «ሁለት ድምፅ አለው» አሉ። ከዚያ ከጉድጓዴ አፋፍ ላይ ተቀመጡና ሐይቁ ወዳለበት አቅጣጫ እያዩ እንዲህ አሉኝ፤

«ታደለን እኔም አብሬ ነው ያዘገየሁት።»

«አዎ» አልኳቸው። አይደለም ብዬ አልዋሸሁም። እሳቸውም ይህን ነበር የፈለጉት መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ምሳ አብረን በላን።

ብርቱካን የተመለሰችው በዚያችው በዓሣ መኪና፣ አመሻሽ ላይ ነው። ዓሣ ዓሣ ትሸታለች። የቀኝ ዓይኗ ቦታ በነጭ ጨርቅ ታሽጓል። ቶማስ ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ እኔ ግን ቀደምኩት። ባትሪዬን አውጥቼ የቀረውን ዓይኗን አየሁ። በግራ አየሁ፣ በቀኝ አየሁ።

ጥቁር ነበር። እንደ ከሰል ጥቁር።

ልጅቷ ባትሪውን ነጠቀችኝና ዓይኔ ላይ አበራችብኝ። አማረች ሣቀች። ያን ሣቅ ከታደለ በኋላ አልሰማሁትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልበል። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ቅርጫቱን በሸምበቆ ይዤ እዞራለሁ። ሴቶቹ ሲያዩኝ፣ «ቡዳው መጣ» ብለው ልቃቂት ያወጣሉ። የአዞ ጀርባን አሁን ሆን ብለን ነው የምንሠራው፤ አንድ የተቀቀለ፣ አንድ ያልተቀቀለ፣ በመስመር። ዓሣ አጥማጁም፣ ሌሊት የሚጓዝ ሾፌሩም ይፈልገዋል። በእሱ ስንት ልጅ ላክን። ሁሉም አልዳኑም፤ ዳኑ ብል ሐሰት ነው። ዘግይተው የመጡ ነበሩ፣ ሳይዘገዩም የሞቱ ነበሩ። የሞቱባቸው ቤቶች ለቅሶ እደርሳለሁ። ደርግ ወደቀ፣ ጓድ ተፈራ ዝም ያለ ሰው ሆነ፣ አባባ ሳዶ በዕድሜ ጠግበው ሞቱ። ቅርጫቱ ግን አልቆመም።

አሁን ለምን እንደወጣሁ ልናገር።

ብርቱካን አድጋ፣ ማን ያገባታል ይል የነበረው አባቷ ባለበት ተድራ፣ ካቻምና ወንድ ልጅ ወለደች። ሐኪሞች ይህ በሽታ በዘር ሊመጣ ይችላል ብለዋት ነበር። መሮጥ ሲጀምር ይዛው መጣች፤ ልክ እናቷ እሷን ይዛ እንደመጣችው፣ አመሻሽ ላይ።

«ጋሼ፣ ይዩልኝ።»

ባትሪውን አበራሁ። ነጭ አየሁ።

እንደገና አበራሁ፤ ነጭ። ሌላኛው ዓይኑም ነጭ። ሕፃኑ ባትሪውን ሊይዝ ይፍጨረጨራል፣ ይስቃል። ብርቱካን ፊቴን አየች። ባትሪውን ከእጄ ወሰደች። ልጇን አገጩን ይዛ በአንድ ዓይኗ ቀርባ አየችው፤ በግራ፣ በቀኝ። ሳትቸኩል።

«ጥቁር ነው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

መብራቱን ወደ እኔ ፊት አዞረችው። «ነጩ የእርስዎ ነው፤ ጋሼ። የዓይን ሞራ ይዞዎታል።»

ለማንኛውም ብላ በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው። እዚያም ጥቁር አሉ።

ዓይኑ ጥቁርና ነጭ የማይለይ ሰው ድር አያደራም፤ የሕፃን ዓይንም አያይም። ለሊቀመንበሩ ወጣሁ አልኩት። እሱ ዕድሜ ነው ብሎ ጻፈ። ይጻፍ።

ባትሪዬን አልመለሰችልኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። አሁን በክትባት ቀን የጤና ጣቢያው በር ላይ የምትቆመው እሷ ናት። ዘንድሮ ከመስቀል በኋላም ቅርጫቱን ይዛ የዞረችው እሷ ናት፤ እኔ ከኋላዋ ምርኩዝ ይዤ ተከትያት ነበር። አንዲት ሴት ከአጥር ውስጥ ልቃቂት ስታቀብላት፣ ብርቱካን ከሰላምታ ቀጥሎ፣ «የማን እጅ ነው?» ብላ ጠየቀች።

እኔ አላስተማርኳትም። ከኋላ ቆሜ አሳልኩ።